የማባበያ ነጥብና የካይሳ ሠርግ

ሬይኖ ላህተላ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የከተማው የበረዶ ሆኪ ቡድን እንዲሸነፍ የተመኘው፣ አንድ ልጁን ለመዳር ሽር ጉድ በሚልበት የበረዶ ወራት ነው። ምኞቱም እንዲሁ በደፈናው አልነበረም። ጥርት ያለ ሽንፈት፣ ጭማሪ ሰዓት የሌለበት፣ አንዲት ነጥብ እንኳ የማያስገኝ ሽንፈት ነበር የፈለገው።

በፓይክ ፎልስ ሠርግ የሚደገሰው ከበረዶ ሜዳው በላይ ባለው አዳራሽ ነው፤ ሌላ አዳራሽ የለም። አንዱ ግድግዳው ሙሉ መስታወት ስለሆነ ሙሽሮች ኬክ ሲቆርሱ ከታች ሕፃናት በዱላቸው ጥቁሯን የጎማ ክብ ሲያሳድዱ ይታያሉ። ካይሳና እጮኛዋ ያኒክ የሚያዝያን የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲመርጡ፣ የሜዳው ሥራ አስኪያጅ ክላረንስ ፔልኪ ቀን መቁጠሪያውን ገልጦ እንኳ አላየም።

"ሚያዝያ? በሚያዝያ እዚህ ቤት አይጥም የለ። ውሰዱት" አላቸው።

ይህን ማንም እንደ ስሕተት አልቆጠረውም። በሚያዝያ የሚጀመረው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነው፤ የከተማዋ ፕሮፌሽናል ቡድን፣ "እንጨት ፈላጮች"፣ ደግሞ ካይሳ የወተት ጥርሷን ከነቀለች ወዲህ ጥሎ ማለፍ ገብቶ አያውቅም። የሌላ ከተማ ሰው ቢሆን ቀኑን ያጣራ ነበር። የፓይክ ፎልስ ሰው ግን በሚያዝያ ሠርግ ይደግሳል፣ ጉልበቱን ያስቀድዳል፣ ጣራውን ያስጠግናል። ወሩ ባዶ መሆኑን እንደ ስሙ ያውቀዋል።

ሬይኖ በዚያ ሜዳ በረዶ አስተካካይ ነው። በጨዋታው ዕረፍቶች ትልቁን መኪና እየነዳ ይወጣል፤ በጫማ ስለት የተቦጫጨረውን በረዶ ፍቆ ሙቅ ውሃ ያለብሰዋል፤ መስተዋት አስመስሎት ይመለሳል። መኪናዋ ከካይሳ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ከሬይኖ እጅ በቀር ለማንም አትነሣም። ረዳቱ በመስከረም ወደ ማዕድን ማውጫው ሄዶ ቀረ። ስለዚህ ፈላጮቹ ጥሎ ማለፍ ከገቡና ጨዋታው በዚያች ቅዳሜ ከዋለ፣ የሙሽራዋ አባት ከላይ አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ከታች መኪናው ላይ ሊውል ነው።

የሚያሳዝነው፣ ከተማው ውስጥ እንደ ሬይኖ ያን ቡድን የሚወድ አልነበረም። አባቱ ከፊንላንድ መጥቶ በዚያ ጫካ ግንድ ሲጎትት የኖረ ሰው ነው። ሬይኖ ራሱ በጎረምሳነቱ አንድ ክረምት በፈላጮቹ መለያ ተከላካይ ሆኖ ተጫውቷል። የዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፉና ወደቁ፤ በዚያን ጊዜ ለተሸነፈ ምንም አይሰጥም ነበር። ጓዙን ተሸክሞ በእግሩ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወረቀት ፋብሪካ ገባ፤ ትኬት መስኮቷ ላይ ትሠራ የነበረችውን ኖሪንን አገባ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ በረዶው ላይ ተመለሰ። የዚያችን ማታ ነገር ሲያነሣ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። "ማንም አላባበለኝም" ይላል።

አሁን ግን ሕጉ ሌላ ነው። ያሸነፈ ሁለት ነጥብ ያገኛል፤ የተሸነፈ ምንም፤ በጭማሪ ሰዓት የተሸነፈ ግን አንድ። ሬይኖ ይቺን አንድ ነጥብ "ማባበያ" ይላታል። ሕፃን ወድቆ ሲያለቅስ አፉ ውስጥ እንደሚደረግለት ከረሜላ ማለቱ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት በአካባቢው ራዲዮ የሆኪ ወሬ አለ፤ ሬይኖም እሑድ እሑድ ይደውላል።

"ሬይኖ ነኝ፣ ከፓይክ ፎልስ። አንዱ ጨዋታ ሁለት ነጥብ ይወልዳል፤ ጭማሪ ሰዓት የገባው ሦስት ይወልዳል። ይቺ ሦስተኛዋ ከየት መጣች? አባቷ ማነው? እስቲ የሊጉ አለቆች ይንገሩኝ!"

አቅራቢው ይስቃል፤ ከተማውም በየቁርስ ገበታው ይስቃል። አለቆቹ ግን መልስ ሰጥተው አያውቁም።

ያ ክረምት ታዲያ ጉደኛ ክረምት ሆነ። ፈላጮቹ በጭማሪ ሰዓት መሸነፍን ሙያ አደረጉት። የገና በዓል ሳይደርስ ጀመሩ፣ ገና አለፈ፣ አዲሱ ዓመት ገባ፤ እነሱ ግን ታግለው፣ ተፋልመው፣ አቻ ይደርሱና በጭማሪው ሰዓት ይረታሉ። በተረቱም ቁጥር አንድ ነጥብ።

አንድ ቀን ኖሪን ለቡና የሚሆነውን ሄል የገባበት ዳቦ እያቦካች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆኖ ጠራችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰንጠረዡን አይተኸዋል?"

"ምኑን አየዋለሁ? ያው ከታች ነን።"

"ከታችማ የለንም። አንድ ደረጃ ብንወጣ ጥሎ ማለፍ ነው።"

ሬይኖ ጋዜጣውን አወረደ። "ማንን አሸንፈን?"

"ማን አሸነፈ አለህ? እየተሸነፍን ነው እንጂ የወጣነው!"

ካይሳ ከሶፋው ላይ የግብዣ ፖስታ እያሸገች ነበር። ቀና ሳትል፣ "አባዬ፣ ማባበያህ ሠርጌ ላይ ልትመጣ ነው። ወንበር ልያዝላት?" አለችው።

እናትና ልጅ ተያይዘው ሳቁ። ሬይኖም አብሮ ሳቀ፤ ልቡ ግን ድንግጥ ብሏል። ካይሳ ገና አራስ ቤት ሳለች አንድ ሌሊት ትኩሳት ይዟት እጁ ላይ አድርጓት ሲያንጎራጉርላት፣ "ስትዳሪ እንዲህ ይዤሽ ነው የምደንሰው" ብሏት ነበር። እሷ ምኑንም አታውቅ፤ እሱ ግን ያቺን ቀን ሲጠብቅ ነው ያረጀ። በፓይክ ፎልስ ሙሽራ ከአባቷ ጋር ካልደነሰች ማንም ከወንበሩ አይነሣም፤ ያ ዳንስ ሲቀር ደግሞ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የለም፤ ቀርቶ አያውቅምና።

ቅዳሜ ማታ ሬይኖ እንደ ልማዱ ከያኒክ ጋር ሳውና ገባ። ያኒክ ከላይ ከሰሜን የመጣ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ሙቀቱን ገና አልለመደውም፤ ጆሮው ቀልቶ ታችኛው አግዳሚ ላይ ተኮራምቷል።

"አማቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት?" አለ። "ነጥቧ ጥሩ ናት። ሰው ሙሉ ማታ ታግሎ ባዶ እጁን ቤቱ ይግባ?"

ሬይኖ ጭልፋውን አንሥቶ ትኩሱ ድንጋይ ላይ ውሃ ቸለሰ። እንፋሎቱ ሽው ብሎ ተነሣ።

"ኧረ ቆዳዬ! እሺ፣ እሺ፣ ይሻሻል! በደንበኛው ሰዓት ላሸነፈ ሦስት፣ በጭማሪ ላሸነፈ ሁለት፣ ለተሸነፈው አንድ። ሁሉም ጨዋታ ሦስት ሦስት ይወልዳል፤ የሦስተኛዋም ነጥብ አባት ታወቀ! በአባትዎ አገር እንኳ የሚቆጠረው እንዲህ ነው።"

ሬይኖ ጭልፋውን አየር ላይ ይዞ አሰበ። የአባቱ አገር መነሣቱ ትንሽ አባብሎታል። "ሦስቷን ወድጃታለሁ" አለ በመጨረሻ። "ሦስት ካለ ሰው ለማሸነፍ ይጫወታል። ግን ተሸናፊው አሁንም አንድ ይዞ ሄደ አይደል?" ብሎ ውሃውን ቸለሰው።

ያኒክ በሩን በርግዶ በረዶው ላይ ተዘረረ። ከዚያ ሆኖ፣ "ባዶ እጁን ይሂድ! ተስማምቻለሁ! ካይሳን ብቻ ይስጡኝ!" እያለ ሲጮህ ጎረቤት ሰማው።

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ደረሰ። ፈላጮቹ አንዲት ነጥብ ካገኙ ገቡ፤ ካጡ ወደቁ። ሬይኖ ጠዋት ሲላጭ መስተዋቱ ውስጥ ራሱን፣ "ሽንፈት። ንጹሕ ሽንፈት" አለው። ወዲያው ሆድ ባሰው። እንዲህ ዓይነት ነገር ከአፉ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ሦስት ለሦስት ሆኑ፤ ጥቂት ደቂቃዎች ቀሩ። ያኔ ሬይኖ ለዓመታት በራዲዮ ሲጮህበት የኖረው ነገር ዓይኑ ሥር ተፈጸመ። እንግዶቹም አንዲት ነጥብ ትበቃቸው ኖሯል። ሁለቱም ቡድኖች ኳስ የሚሏትን ያቺን ጥቁር ጎማ ከገዛ ጎላቸው ጀርባ ይዘው እንደ ሕፃን ያስተኟት ጀመር። ወዲህ አንድ ግፊት፣ ወዲያ አንድ ግፊት። ማንም ወደ ፊት አይሄድ።

"ተጫወቱ እንጂ!" ሬይኖ ከመኪናው ማቆሚያ በር ላይ ሆኖ ጮኸ። "ምን ትሽኮረመማላችሁ? ግቡና ተጋጠሙ!"

"ዝም በል አንተ፣ ትሰማለህ?" ክላረንስ ክንዱን ጨመደደው። "ልንገባ ነው እኮ!"

"ሆኪ ነው ወይስ ሽምግልና?"

"ምንም ይሁን! ልንገባ ነው!"

ጥሩምባው ተነፋ። አቻ። ነጥቧ ገባች። ጣራው የሚነሣ እስኪመስል ሰዉ ጮኸ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ተሳሳሙ፤ ትኬት ቆራጯ አሮጊት ወንበር ላይ ቆመች። ከዚያ በኋላ ጭማሪ ሰዓት ነበረ፤ ማንም ልብ አላለው። ከእንግዶቹ አንዱ ጎል አስቆጠረና እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። አካባቢውን ሲቃኝ የተሸነፈው ከተማ ሁሉ እየተቃቀፈ ይዘላል። እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ፤ ጎሉ ተሽሮበት እንደሆነ ሊጠይቅ ወደ ዳኛው ሄደ።

ሬይኖም ኮፍያውን ሜዳው ውስጥ ወርውሯል። መቼ እንደወረወረው አያውቅም። ራሱ በመኪናው ሄዶ ማንሣት ነበረበት፤ ሰዉም አጨበጨበለት።

ሲመለስ ካይሳ በሩ ላይ ቆማለች።

"አባዬ፣ እያለቀስክ ነው?"

"የመኪናው ጭስ ነው።"

"አሁን እኮ ነው ያጠፋኸው። በመግባታችን ነው ያለቀስከው ወይስ በሠርጌ?"

"ገባን እኮ ካይሳዬ" አለ። "ገባን። የኔ ልጅ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ደስ አለኝ።"

የጨዋታው ፕሮግራም በማግስቱ ወጣ። የፈራው አልቀረም፤ የሠርጉ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ኖሪን ቀኑን ስታይ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ክላረንስ ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ከበር ተመለሰ። ካይሳ ግን ሳቀች።

"ጨዋታው ከታች፣ ሠርጉ ከላይ። ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለ? ግማሹ ዘመዳችን እኮ ትኬት ሊገዛ ነው!" ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ እጁን ያዘችው። "አንድ ነገር ብቻ፣ አባዬ። ቫልሱን፣ የሙሽራና የአባቷን ዳንስ፣ ከእኔ ጋር ትደንሳለህ። ጨዋታ እያለ ሰዉ ሁሉ መስታወቱ ላይ ነው የሚለጠፈው፤ እንዳለቀ፣ እንደ ተነፋ ወዲያው። የያኒክ አጎት ነው አኮርዲዮን የሚጫወተው፤ የዘመዶቹ አውቶቡስ ደግሞ መንገዱ ሳይጨልም መነሣት አለበት። እንዳታስቀርብኝ።"

"መሬት ብትገለበጥ" አለ ሬይኖ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እጇን ይዞ ገብቶ ለያኒክ አደረሳት። ምሳው ላይ ጥቅል ጎመኑም፣ ድንች የተሞላበት ሊጥም፣ ከሐይቁ ወጥቶ በጭስ የደረቀው ዓሣም ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ሬይኖ ኮቱ ላይ አበባ እንደሰካ ወደ ታች ወረደ። በየዕረፍቱ ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲነዳ ሰዉ "ሙሽራው! ሙሽራው!" እያለ ይጣራል። ከላይ ደግሞ እንግዶቹ ሳህናቸውን እንደያዙ መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል። እንዲህ ያለ ሠርግም፣ እንዲህ ያለ ጨዋታም ታይቶ አይታወቅም።

ሦስተኛው ክፍለ ጨዋታ አለቀ። ሁለት ለሁለት።

ያኒክ በሙሽራ ልብሱ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። "አማቴ፣ ጭማሪ ሰዓት!"

"ዓይን አለኝ።"

"በጥሎ ማለፍ ደግሞ ማባበያ የለችም። አንዱ እስኪያገባ ድረስ ይቀጥላል፤ ቢመሽም ቢነጋም። ልክ እርስዎ እንደሚወዱት።"

"ልጄ፣ ጭልፋው ቤት ነው ያለው፤ ቢኖር ኖሮ አሳይህ ነበር።"

"ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል" አለ ያኒክ፣ አሁን ሳይስቅ። "አጎቴ ግን አኮርዲዮኑን አልከተተም።"

ሬይኖ የሙቅ ውሃውን ቱቦ መኪናዋ ላይ ሰክቶ ቧንቧውን ከፈተ። ጋኗ እስክትሞላ ጊዜ አላት፤ ስትሞላ ሜዳ ይወጣል፤ ሲወጣ ጨዋታው ይጀመራል፤ ሲጀመር መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሲሟገትለት የኖረው ንጹሕ ጨዋታ፣ አሸናፊ እስኪለይ የማይቆመው፣ ዳንሱን ሊውጥበት ነው። ቱቦውን ይዞ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆመ። ካይሳን ምን እንደሚላት ሲያስብ የብረቱ በር ተከፈተ።

ካይሳ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ከሥሩ የበረዶ ቦት ጫማ ተጫምታ ገባች።

"እስኪሞላ ምን ያህል ይፈጃል?"

"አንድ ዘፈን ያህል" አለ ሳያስበው።

"እንግዲያው ና።"

"ሙዚቃው የታለ?"

"ክላረንስ ማይኩን አኮርዲዮኑ አፍ ላይ ደቅኖታል።"

ወዲያው ከሜዳው ድምፅ ማጉያ ሁሉ ቫልሱ ፈሰሰ። የተጫዋች ስም ሲጠራበት፣ ጎል ሲነገርበት የኖረው ጣራ አሁን አኮርዲዮን አዘነበ። ሬይኖ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ልጁን ያዛት። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ ከተቆለለው ፍቅፋቂ በረዶ ጎን፣ ዝግ ብለው ዞሩ። ወደ ሜዳው የሚከፈተው ትልቁ በር ክፍት ነበር፤ መጀመሪያ ያየው ከፊት ረድፍ ያለው ሰው ብድግ አለ፤ ከዚያ ቀጣዩ፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። ወደ መልበሻ ክፍላቸው ይሄዱ የነበሩት ተጫዋቾች ኮሪደሩ ላይ ቆሙ፤ አንዱ ዱላውን ወለሉ ላይ መታ። ሆኪ ተጫዋች የሚያጨበጭበው እንዲህ ነው። ሌላው ተከተለ። ባለሜዳውም እንግዳውም ከቫልሱ ጋር አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት እያሉ ወለሉን መቱላቸው።

"ቀላል ነሽ" አላት ጆሮዋ ሥር። "እንደዚያን ጊዜው ነሽ።"

"የቱን ጊዜ?"

"ተይው። አታውቂውም።"

ጋኗ ሞልታ ውሃው ገነፈለ፤ የተወለወለ ጫማው ውስጥ ሞቅ ብሎ ገባ። አላቆመም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ዞረ። ዋና ዳኛው በሩ ላይ መጥቶ ሰዓቱን አየና ሰዓቱን እጅጌው ውስጥ ከተተው።

ያኒክ ዓይኑን እየጠረገ፣ "አሁንስ፣ ነጥቧ ከሕጉ ትነሣ?" አለው።

"ትነሣ!" አለ ሬይኖ መኪናው ላይ እየወጣ። "ዘንድሮን ግን ትጨርስ።"

ያን ቀን የቀባው በረዶ ከዚያ በፊት ከቀባው ሁሉ እንደሚያምር ክላረንስ ሲምል ይኖራል። አውቶቡሱም አልሄደም፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሳህን ይዞ መስታወቱ ጋ ቆሟል።

ሬይኖ ካልሲው እየተንቦጫቦጨ አዳራሹ ሲደርስ የያኒክ አያት፣ ቁመቷ ደረቱ የማይደርስ አሮጊት፣ እጇን ዘረጋችለት። እምቢ ማለት አይቻልም። አጎትየው ፈጣን ዜማ ጀመረ፤ ሬይኖ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ፣ አሮጊቷ እግሩን እየረገጠችው ሲሽከረከር፣ ወለሉ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ። ጩኸቱ ከታችም ከላይም ፈነዳ። ሰው ሁሉ ሰው አቀፈ፤ ኖሪን ክላረንስን ሳመችው። ሬይኖ ዘወር ሲል ፈላጮቹ በአዲሱ በረዶ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው ይንከባለላሉ። ስንት ዓመት የጠበቃትን ጎል አላያትም።

"ማን አገባ? ኧረ ማነው ያገባው?" አለ።

አሮጊቷ እጅጌውን ጎተተችው። "ምን ያቆምሃል አንተ? ዘፈኑ አላለቀም።"

ሬይኖም ሳቀና ወገቧን ይዞ ዞረ።